በእንቅፋት የተሳበበ እባጭ

ስለ ደመቀ አሟሟት ቀራንዮ ውስጥ ሁለት ታሪክ ይነገራል።

አንደኛውን የሚናገሩት ታላቅ ወንድሙ አቶ ተክለሃይማኖት ናቸው። «ወንድሜ በገዛ እግሩ ሄዶ ሆስፒታል ገባ» ይላሉ። «የነበረበት ንፍፊት ብቻ ነው። ንፍፊት ማንን ገድሎ ያውቃል? እነሱ ግን ቢላ አነሱበት፤ ወሩ ሳይሞላ ሬሳውን ሰጡን። ወንድሜን የበላው ቢላ ነው።»

ሁለተኛውን የምትናገረው ሚስቱ ጥሩብርሃን ናት። «ባሌን የገደለው መደበቅ ነው» ትላለች። «ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር አካሉ ላይ ወጣች። ዓመት ሙሉ ሸሸጋት። ወጌሻ አሸው፣ ተኮሰው፤ እሷ ግን እያደገች እንቁላል አከለች። ሐኪም ፊት የቀረበው ወገቡ አላስቆም ካለው፣ ሳሉ ደም ከቀላቀለ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ ምን ያድርግ?»

ሁለቱንም የሰማሁት በአንድ ቀን፣ በደመቀ ተዝካር ላይ፣ በአንድ ድንኳን ጥላ ሥር ነው። አቶ ተክለሃይማኖት የእድራችን ዳኛ ስለሆኑ እሳቸው ሲናገሩ ወንዶቹ ሁሉ «እውነት ነው» ይላሉ። ጥሩብርሃን ስትናገር ግን ሰው ወደ መሬት ያያል።

በሁለቱም ታሪክ ውስጥ አንድ የተዘለለ ቃል ነበር። እባጩ የወጣው የት ላይ እንደሆነ ማንም አልተናገረም። «እዚያ»፣ «ከታች»፣ «ያ ቦታ» ይሉታል። እኔ ስሙን እጽፈዋለሁ፤ እባጩ የወጣው ቆለጡ ላይ ነው። በዚህ ቃል የሚቀየም አንባቢ ካለ፣ ቅያሜውን ሁለት ሕፃናት ያለ አባት ለመቅረታቸው ያድርገው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ እንኳ ደመቀ «ባደረበት አጭር ሕመም» እንዳረፈ ነበር የለፈፈው። ዓመት የከረመ ሕመም አጭር የሚባለው በየትኛው አቆጣጠር ነው?

እኔ ከዚህ ቤተሰብ ጋር አጥር የምጋራ፣ በሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ከመፍረዴ በፊት ኮሌጅ ሳለሁ የማውቀውን፣ ዛሬ የቀዶ ጥገና ሐኪም የሆነውን ወዳጄን ፈልጌ፣ ሁለቱንም ታሪክ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። እሱም የመለሰልኝን መለሰልኝ። ያ መልስ ግን ለማን እንደሚጠቅም ገና አላወቅሁም ነበር። ደመቀ ሞቷል፤ ለሞተ ሰው መልስ ምን ያደርግለታል? እያልኩ ቆዝሜ ከረምኩ።

አብዮቱ ስምንተኛ ዓመቱን ባከበረበት ዓመት፣ በኅዳር መድኃኔዓለም ዕለት ጠዋት ነው። የማስተምረው በከሰዓት ፈረቃ ስለነበር መርካቶ ደርሼ ልመለስ ብዬ ኮልፌ ፌርማታ ላይ ቆምኩ። ከመንገዱ በዚህ ወገን ወደ ከተማ የሚወርደው አውቶቡስ ይቆማል፤ በዚያ ወገን ወደ አስኮ የሚሄደው። ከሁለቱም አንዱ አልመጣም፤ ሰልፉ ግን ረዝሟል። እዚያ አቶ ተክለሃይማኖትን ከልጃቸው ከአምሐ ጋር አገኘኋቸው። ሽማግሌው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። አምሐ እንጨት ሥራ ቤት የሚሠራ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ለጥር ሰርግ የተቀጠረለት ጎረምሳ ነው። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት በጨርቅ ታስሯል።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ተክለሃይማኖት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ መምህር። እነዚያ ዲያብሎሶች ተማሪዎችህ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። ቅቤ ይዘው ወዴት ነው? ሰርጉ ገና ነው፣ ጾሙም አልተፈታ!»

ሽማግሌው ወደ ሰልፉ ዞር ብለው አዩ። ከእኛ ጥቂት ሰዎች አልፈው የሙሽራይቱ አክስት ወይዘሮ አስካለማርያም የላምባ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። ፊታቸው ወደ መንገዱ ነው፤ ጆሯቸው ግን ወደ እኛ።

«ድምፅህን ቀነስ አድርግ» አሉኝ አቶ ተክለሃይማኖት፣ ክንዴን ይዘው ወደ ዳር እየሳቡኝ። «አስኮ ወጌሻው ዘንድ ልንደርስ ነው። አምሐን ንፍፊት ይዞታል። እንቅፋት መትቶት ነው፤ አየህ ጣቱን?»

የደመቀ ነገር ትዝ አለኝ። ወደ ልጁ ዞር ብዬ «ብሽሽትህ ላይ ነው ያበጠው?» አልኩት።

አምሐ አንገቱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ታዲያ ቆለጥህ ላይ ነው?»

«አንተ ሰው!» አሉ አባትየው፣ ሳል እንደያዘው ሰው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው። «በመድኃኔዓለም ቀን! ሰው በተሰለፈበት!»

አምሐ ግን «አዎ» አለኝ። «በግራ በኩል። እንደ ጠጠር ነው። ከመስቀል በፊት ጀምሮ አለ።»

«ያምሃል?»

«ምንም አያመኝም።»

«ሰማህ?» አሉ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው። «አያመውም! የማያም ነገር ደግሞ ምን ያስፈራል? አውልቆ እንዲያሳየኝ ያደረግኩት በስንት ልመና መሰለህ። ወዲያው እግሩን አየሁ፤ እንቅፋቱን አገኘሁ። ነገሩ አለቀ። ወጌሻው በቅቤ ያሸዋል፤ እምቢ ካለ ጫፉን በጋለ ብረት ነካ ያደርገዋል።»

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ደቂቃ ጮኼ መናገር አምሮኝ ነበር። አንድ ወንድም ከተቀበረ ገና ሦስት ወር አልሞላውም፤ ያው ቅቤ፣ ያው ወጌሻ፣ ያው እንቅፋት ተይዞ ሁለተኛው ሊነዳ ነው! ግን በጩኸት የተረታ ሽማግሌ የለም፤ ቢኖርም ነገ ይመለሳል። ስለዚህ ምራቄን ዋጥ አድርጌ እንዲህ አልኳቸው፦

«ጋሽ ተክለሃይማኖት፣ ንፍፊት የሚባል ነገር የለም አልልዎትም። አለ። እግር ሲቆስል ብሽሽት ያብጣል፣ ያማል፣ ቁስሉ ሲድን ይጎድላል። አባቶቻችን ይህን በደንብ አስተውለዋል። ወጌሻውንም አልነቅፍም፤ እኔ ልጅ ሆኜ ክንዴን ያቃናልኝ ወጌሻ ነው፤ ይኸው እጽፍበታለሁ። ነገር ግን ብሽሽት ሌላ፣ ቆለጥ ሌላ። የእግር ቁስል ቆለጥ ላይ ጠጠር አያበቅልም።»

«እንቅፋቱስ? ዓይን የለህም?»

«የደመቀንስ እግር አይተው አልነበር?»

«አይቻለሁ እንጂ!»

«እንቅፋት አላገኙበትም?»

«አገኘሁ። የግራ እግሩ ላይ።»

«ለመሆኑ ኮልፌ ውስጥ እንቅፋት ያልመታው እግር የማን ነው? እስቲ የእኔን ይዩ» ብዬ በአንድ እግሬ ቆሜ ጫማዬን አወለቅሁ። የአውራ ጣቴ ጥፍር ባለፈው ክረምት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተመትቶ እንደ ከሰል ጠቁሯል። «ይኸውልዎት እንቅፋት። እባጭ ግን የለብኝም። እንቅፋት ፈልጎ የሚያጣ ሰው በዚህ ሰፈር ቢኖር፣ እሱ ሰው ሳይሆን ወፍ ነው።»

«መምህሩ ምን ነካው?» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ ከኋላችን። «ደሞዙ አልደርስ ብሎት ጫማውን ሊሸጥ ነው?»

ሐጂ አብደላ ነበሩ፤ የአቶ ተክለሃይማኖት የሠላሳ ዓመት ጎረቤት፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ለቀትር ሶላት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ መርካቶ የሚሄዱ። ሽማግሌው «ምንም አይደለም፣ ሐጂ» ለማለት ቢሞክሩም እኔ ነገሩን ገልጬ ነገርኳቸው። ሐጂ አብደላ ፈገግታቸውን ሰብስበው አምሐን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ልጁ ለጥር አይደለም እንዴ የሚያገባው?» አሉ።

«እሱን ነው የምለው!» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት። «ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ምን እንደሚያደርጉት ታውቃለህ? ቆርጠው ያወጡታል። ልጄን ስልብ አድርገው ይሰጡኛል! ከዚያ ማን ሴት ልጁን ይድርለታል? ደግሞስ...» ብለው ቃላቸውን አቋረጡና ወደ ወይዘሮ አስካለማርያም ሰርቀው አይተው፣ ጢማቸው ጆሯችንን እስኪነካ ተጠጉን። «ደግሞስ ከእኔ በላይ ምስክር ማን አለ? እኔ ራሴ ይዤው አለሁ! ከአምሐ መወለድ በፊት ጀምሮ። ዛሬ ብርቱካን ያህላል። ሞትኩ? አምሐንስ ማን ወለደው?»

አሁን ነገሩ ገባኝ። እኚህ ሰው በጭፍን የሚከራከሩ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን በገዛ አካላቸው የተጻፈ ማስረጃ ይዘው ነው የሚከራከሩት። በአንድ እባጭ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ ሰው እባጭ አይገድልም ቢል ምን ይገርማል? ስህተቱ የራሱን እባጭ የሰው ሁሉ እባጭ ማድረጉ ላይ ነው።

«የእርስዎ ሲነኩት ይለዝባል ወይስ ይጠጥራል?» አልኳቸው።

«ውኃ እንደያዘ አቁማዳ ነው። ተወኝ እስቲ!»

ሐጂ አብደላ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ተክሌ፣ ያን ብትነግረኝ ኖሮ ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻዬን አላፍርም ነበር። እኔም ነበረብኝ እኮ!»

«አንተ?»

«እኔ። ሐኪሙ ክፍሉን አጨለመና የእጅ ባትሪ ከኋላ አስጠግቶ አበራበት። ወላሂ እንደ ፋኖስ ቦግ አለ! ቀይ ሆኖ በራ! ‹ውኃ ነው፣ አይዞዎት› አለኝ። ቀደደ፣ ውኃውን አስወጣ፣ ሰፋ፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ።»

«መቼ ነው ይሄ? እኔ ሳላውቅ?»

«ጅማ ቡና ልገዛ ሄድኩ ያልኩህ ጊዜ።»

«ጅማ ሄደህ አልነበረም?»

«ጅማዬ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበረች። ባለ ነጭ ቀሚስ ነርሶች ነበሯት።»

አቶ ተክለሃይማኖት ሳይወዱ ሳቁ። አምሐም ሳቀ፤ ያን ጠዋት ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ግን ሳቁ ነገሩን እንዳያስረሳብን ፈራሁ።

«የሐጂ ውኃ ነበር» አልኩ። «የጋሽ ተክለሃይማኖትም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም፤ ይህን ቆርጦ የሚናገር ግን ሐኪም ነው። አምሐ የሚለው ሌላ ነው። አምሐ፣ ጠጠሩ ያለው ከቆለጡ ኋላ፣ እንደ ገመድ ለስለስ ያለው ነገር ላይ ነው ወይስ ከራሱ ከቆለጡ ላይ?»

«ከራሱ ላይ ነው። ተጣብቆ። ሲነኩትም አይሸሽም። ደግሞ መጀመሪያ ምስር ያህል ነበር፤ አሁን ባቄላ ያህላል።»

«ከኋላ ያለው ለስላሳው ገመድ የተፈጥሮ ነው፤ ማንም ወንድ አለው። አንዱ ከሌላው ዝቅ ብሎ መንጠልጠሉም የተፈጥሮ ነው። ብዙ ጎረምሳ ይህን በድንገት አግኝቶ በከንቱ ይሸበራል። ከገመዱ አጠገብ ውኃ የቋጠረች ትንሽ ከረጢትም ልትወጣ ትችላለች፤ ምንም የማታደርግ። ወዳጄ ሐኪሙ እንዲህ ካሉት አብዛኞቹ ክፉ አይደሉም ነው ያለኝ። ነገር ግን ከራሱ ከቆለጡ ላይ የወጣ፣ የጠጠረ፣ የማያም፣ እያደገ የሚሄድ ከሆነ፣ ነቀርሳ፣ ሐኪሞች ካንሰር የሚሉት፣ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ይህ ነቀርሳ ሽማግሌ አይመርጥም። የሚወደው የአምሐን ዕድሜ፣ የደመቀን ዕድሜ ነው። ስለዚህ ‹አያመኝም› የሚለው ቃል ማጽናኛ አይደለም። ለመሄድ ምክንያት ነው።»

«የሚያም ከሆነስ?» አሉ ሐጂ።

«ቀስ እያለ የሚያምና የሚያተኩስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቁስለት ነው፤ በመድኃኒት ይድናል። በድንገት፣ እንደ ጩቤ ወግቶ፣ አስመልሶ የሚያጥፍ ሕመም ከሆነ ግን ቆለጡ በገመዱ ላይ ተጠማዞ ደም አጥቶ ሊሆን ይችላል። ያ ለነገ አይባልም፤ በሰዓታት ውስጥ ካልደረሱለት ይሞታል። ቆለጡን ማለቴ ነው።»

«አጀብ!» አሉ ሐጂ አብደላ። «የማያምም ያስፈራል፣ የሚያምም ያስፈራል። ታዲያ የማያስፈራው የቱ ነው?»

«የታየው ነው፣ ሐጂ። ሐኪም ያየው።»

አቶ ተክለሃይማኖት ቅቤውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «እሺ ይሁን» አሉ። «ነቀርሳ ነው እንበል። ያወጡታል። ስልብ ሆኖ ከመኖር...»

«ጋሽ ተክለሃይማኖት፣ ቡልጋ ሳሉ ገበሬ ነበሩ አይደል?»

«ምን ይጠየቃል! ሁለት ጥማድ በሬ ነበረኝ።»

«ወይፈን ሊኮላሽ ሲቀጠቀጥ አንዱ ፍሬው በስህተት ሳይቀጠቀጥ ቢቀርስ?»

ሽማግሌው ወዲያው ተቆጡ፤ ያን የመሰለ ጥፋት የሠራ ሰው ከፊታቸው የቆመ ይመስል። «ያማ በሬ አይሆንም! እንደ ኮርማ ነው የሚያስቸግርህ! ቀንበር ይሰብራል፣ የጎረቤት ላም ሲያባርር ይውላል። እኔ አንድ ነበረኝ፤ በአንድ ፍሬው ያንን ሁሉ ላም...»

ንግግራቸው እዚያ ላይ ቆመ።

ሐጂ አብደላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያንን ሁሉ ላም ምን አደረጋቸው፣ ተክሌ?»

«አስረገዛቸው» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት ቀስ ብለው።

«አንዱ ቢወጣ አንዱ ይቀራል» አልኩ። «ሁለተኛው ጤነኛ ከሆነ ጢሙም፣ ድምፁም፣ ወንድነቱም ባለበት ይኖራል። መውለድም ይችላል። እግዚአብሔር ዓይንን ሁለት፣ ጆሮን ሁለት አድርጎ የሰጠበት ምክንያት ይኖረዋል።»

በዚህ መሐል ከመንገዱ ማዶ የአስኮው አውቶቡስ እየጮኸ መጣ። ሰው ተሯሯጠ። አቶ ተክለሃይማኖት ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ደንገጥ ብለው የአምሐን እጅ ያዙ። «ቀጠሮ ይዘናል» አሉ። «ለዛሬ እንኳ ይሸው። ከሰርጉ በኋላ እናየዋለን።»

ከሰርጉ በኋላ! ደመቀም «ከመኸሩ በኋላ»፣ «ከፋሲካ በኋላ» ሲባል ነበር። በዚህ አገር ሰው ለሞት ቀጠሮ የሚሰጠው እንዲህ ነው። መንገዱን አጋምሰው ሳሉ ግን ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ከፊታቸው ቆመች። ጥሩብርሃን ናት። ሰላምታ አልሰጠችም። ዓይኗ የኮባው ቅጠል ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ያ ቅቤ የማን ነው?»

«ጥሩዬ... ምንም አይደለም። ወደ አስኮ ልንደርስ ነው።»

«ቅጠሉን አውቀዋለሁ። ለደመቀም እንደዚሁ ጠቅልለው ነው የወሰዱት።» ወደ አምሐ ዞረች። የታሰረውን ጣቱን አየች። ከዚያ በላይ ማንም የነገራት የለም፤ ከዚያ በላይም አልፈለገችም። «አምሐንም?» አለች።

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። እኛም ተጠግተን ነበር፤ ሁላችንም መንገዱ መሐል ቆመናል።

«አንቺ ደግሞ አትጀምሪኝ» አሉ ሽማግሌው። «ወንድሜን የገደለው ቢላ ነው። ቢላ! በእግሩ የገባ ሰው...»

«በእግሩ አልገባም። እኔና እርስዎ ብብቱን ይዘን ነው ያስገባነው። ረስተውት ነው መሰለኝ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ አውቶቡሱ አዞሩ።

«ጋሼ፣» አለች ጥሩብርሃን፣ ድምፅዋ ሳይነሳ፣ «ደመቀን ወጌሻ ዘንድ ሲወስዱት አያውቁም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። እግሩን ያጠብኩለት እኔ ነኝ፤ እንቅፋቱን ‹ይኸው› ብዬ ያሳየሁዎት እኔ ነኝ። ለዚያ እግዚአብሔር ይፍታን። አምሐን ግን የሚወስዱት እያወቁ ነው።»

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። «ታዲያ እኔ ነኝ የገደልኩት በይኛ!» ብለው ጮኹ፤ የፌርማታው ሰው ሁሉ ዞረ። «በይው! ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ በይ!»

እኚህ ሰው ስለ ሕክምና ሲከራከሩ እንዳልነበር በዚያች ሰዓት ተረዳሁ። ቢላው ጥፋተኛ ካልሆነ ጥፋተኛው ማን እንደሚሆን ፈርተው ነው። ለዚህ ፍርሃት ብለው ነው ወንድማቸውን በሐሰት ታሪክ የቀበሩት፤ ለዚሁ ፍርሃት ብለው ነው ልጃቸውን የሚነዱት። የሐኪሙ መልስ ለማን እንደሚጠቅም አሁን አወቅሁ።

«ጋሽ ተክለሃይማኖት፣» አልኳቸው፣ «የእናንተን ሁለት ታሪክ ለሐኪም ነግሬው ነበር። ‹ማናቸው ዋሹ?› አልኩት። ‹ማናቸውም አልዋሹም› አለኝ። ‹ሰውየው ከቀዶ ጥገናው በኋላ መሞቱ እውነት ነው። ግን ቢላው አልገደለውም፤ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ነቀርሳው ከቆለጡ ወጥቶ በሆዱ በኩል ወደ ሳንባው አልፎ ነበር። ሽምብራ ሳለ ቢመጣልን ቆለጡን አውጥተን፣ እየተከታተልን፣ ከልጆቹ ጋር የመኖር ተስፋው ትልቅ ነበር› ነው ያለኝ። እርስዎ ወንድምዎን አልገደሉም። ማን ነግሮዎት ያውቃል? በቀበሌ ስብሰባ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ስንት ጊዜ ሰምተናል? ስለ ዝንብ፣ ስለ ውኃ ማፍላት፣ ስለ ጠላት ሴራ ጉሮሮ እስኪነቃ ይለፈፋል። ወንድ ልጅ ገላውን ሲታጠብ ቆለጡን ዳሰስ አድርጎ ይመልከት፣ አዲስ ነገር ካገኘ ሐኪም ይጠይቅ ያለን አንድ ሰው አለ? ሰብሳቢዎቹ ስለ ሀገር ለመሞት አያፍሩም፤ ስለ ቆለጥ ለመናገር ያፍራሉ! በዚህ እፍረት ስንት ደመቀ በ‹አጭር ሕመም› እንደተቀበረ ማን ቆጥሮት?»

የተናገርኩት ከልኩ በላይ ጮኼ ነበር መሰለኝ። አንዲት ሴት ዘንቢሏን ይዛ ራቅ አለች።

«አባባ» አለ አምሐ።

ሁላችንም ዞርን። እውነቱን ለመናገር ከጠዋት ጀምሮ ስለ ልጁ ስንነጋገር፣ ልጁ እዚያው መቆሙን የረሳነው ያህል ነበር።

«ማንም ምን ትፈልጋለህ ብሎ አልጠየቀኝም» አለ። «ቢላ እፈራለሁ። ሰርጉም እንዳይፈርስ እፈራለሁ። ግን ክረምቱን ሙሉ የጋሼ ደመቀን ሳል በግድግዳ በኩል እየሰማሁ ነው ያደርኩት። እሱን የበለጠ እፈራለሁ።»

የአስኮው አውቶቡስ በሩን ዘግቶ ሄደ። አቶ ተክለሃይማኖት ሲሄድ አዩት፤ አልተንቀሳቀሱም። ቆይተው በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ ለጥሩብርሃን ዘረጉላት።

«ለልጆቹ ምሳ አድርጊበት» አሉ። «እነሱ አይጾሙም።»

እሷም ተቀበለች። ከዚያም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ነካች፤ እሳቸውም ትከሻዋን ይዘው አነሷት። ሐጂ አብደላ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠራረጉና «እንግዲህ ሁለታችሁም ጅማ ልትሄዱ ነው» አሉ። «እኔ ከሶላት በኋላ እመጣለሁ። ባትሪ ካጡ ባትሪ ይዤ እመጣለሁ።»

ወደዚህኛው ወገን ተሻግረን ስንመለስ ለአምሐ ከፊቱ ያለውን እንደማውቀው ነገርኩት። ምናልባት ሐኪሙ ዳስሶ ‹ምንም አይደለም› ብሎት ከሰዓት በኋላ ወደ መጋዙ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ያተረፈው የሰላም እንቅልፍ ነው፤ እሱም ትንሽ ትርፍ አይደለም። ክፉው ከሆነም ገና ባቄላ ነው፤ ባቄላን መንቀል ዛፍ እንደ መገንደስ አይደለም። አልጋ ይዞ ይሰነብታል፣ ሰርጉ ከጥር ወደ ሚያዝያ ይገፋ ይሆናል፤ ሙሽራይቱ ግን ባል እንጂ ሐውልት አታገባም። ዛሬ የሚያፍርበት ደቂቃ ነገ ለሚወልዳቸው ልጆች አባት ያተርፍላቸዋል። ቢታይ የሚያጣው ነገር ቢኖር እፍረቱን ብቻ ነው። ባይታይ ሊያጣ የሚችለውን ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ሰምቶታል።

የከተማው አውቶቡስ መጣ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ወይዘሮ አስካለማርያም ያን ሁሉ ጊዜ የያዙትን ትንፋሽ አወጡና፣ ጀሪካናቸውን እየጎተቱ፣ ማር በሆነ ድምፅ ጠየቁ፦

«አቶ ተክለሃይማኖት፣ በደኅና ነው? ወዴት ነው ከልጃችን ጋር?»

አቶ ተክለሃይማኖት አንድ እግራቸውን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አድርገው ቆሙ። አፋቸውን ሊሸፍኑበት የለመዱትን ነጠላ ከፊታቸው ዝቅ አደረጉ። ከዚያም በእድር ስብሰባ ላይ ፍርድ ሲሰጡ በሚያወጡት ድምፅ፣ ከሾፌሩ እስከ ሰልፉ ጭራ ሁሉም እየሰማ፣ እንዲህ አሉ፦

«ወይዘሮ አስካለማርያም፣ ልጄ ቆለጡ ላይ እባጭ ወጥቶበታል። ሐኪም እንዲያየው ሆስፒታል እየወሰድኩት ነው። ከእሱ ቀጥሎ እኔም አውልቄ እታያለሁ። ለወንድምዎ ሄደው ይንገሩ፤ ሰርጉን የሚያቆዩልኝ ከሆነ ያቆዩልኝ፣ የሚያፈርሱትም ከሆነ ያፍርሱት። እኔ ሁለተኛ ሰው በእፍረት አልቀብርም!»